የመኪና ጂፒኤስ፦ ማስገጠሙ ይቀላል፣ ማቋረጡ ይከብዳል

ከአጋሮ ቡና ለሚጭን አይሱዙም ሆነ ጅማ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ቪትዝ በብዛት የሚገጠመው ጂፒኤስ አንድ ዓይነት ነው፦ መዳፍ የማይሞላ ጥቁር ሳጥን፣ አራት ገመድ፣ አንድ ሪሌ፣ ውስጡ ሲም ካርድ። ሳጥኑ ጥሩ ዕቃ ነው። መኪናው ያለበትን ያሳያል፣ ባትሪ ከተነቀለ መልእክት ይልካል። ጭነቱ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ አዳማ ከቀጠለም፣ የክፍያ መንገዱ ላይ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ሾፌሩ ከሚያመጣው ደረሰኝ ጋር ለማመሳከር ይረዳል። ጣጣው ያለው ሪሌው ላይና ውሉ ላይ ነው።

ሪሌው ከስልክ በሚላክ ትእዛዝ የመኪናውን መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ቁጥር የተጻፈባቸው አምስት እግሮች አሉት። 85 እና 86 የኮይሉ፣ ማለትም ማብሪያውን የሚስበው የሽቦ ጥቅል ናቸው። መኪናውን ለመዝጋት ሲባል የሚቆረጠው ሽቦ ሁለት ጫፎች መታሰር ያለባቸው 30 እና 87ኤ ላይ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ጂፒኤሱ ቢሞትም መኪናው ይነሳል። 87 ላይ ከታሰረ ግን ሳጥኑ በደከመ ቁጥር መኪናው ይቆማል። ቪትዝ ላይ የሚቆረጠው የነዳጅ ፓምፕ ሽቦ ነው። የቆየ ናፍጣ አይሱዙ ላይ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለማይሠራ፣ ከቁልፍ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይቆረጣል፤ ይህ የቆመውን እንዳይነሳ ያደርጋል እንጂ የሚሄደውን አያቆምም። አይሱዙ ደግሞ 24 ቮልት ነው። ሳጥኑ ሁለቱንም ይችላል፣ 12 ቮልት ሪሌ ግን አይችልም፤ መኪናው በስልክ በተዘጋበት ሰዓት ኮይሉ ይቃጠላል፣ መስመሩ ተመልሶ ይገናኛል፣ ሌባውም አስነስቶ ይሄዳል።

ሳጥኑ በየ30 ሰከንዱ ቦታ ቢልክ እንኳ የሚጠቀመው ዳታ በወር ከ30 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ካርታው ላይ መኪናው ትናንት ያደረበት ቦታ ተተክሎ ከቀረ፣ ዳሽቦርድ ከማስፈታት በፊት ሲሙን አውጥቶ ስልክ ውስጥ በመክተት ሂሳቡን ማየት ይበቃል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ይደወላል። ብዙ ጊዜ ያለቀው ሂሳብ ነው።

አገልግሎቱን ማቋረጥ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሲሙ በማን ስም እንደወጣ ነው። በገጣሚው ስም ከሆነ ክፍያ ማቆም ብቻውን ማቋረጥ አይደለም፤ ሲሙ እስካለ መኪናውን የመዝጋት ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 15 አሃዝ መለያ ቁጥር መዝግቦ ከአካውንታቸው እንዲሰርዙትና ማቋረጣቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳጥኑን ይዞ ወደ ሌላ አገልግሎት ለሚዛወር ደግሞ የይለፍ ቃሉና ትእዛዝ የሚቀበልበት ስልክ ቁጥር መቀየር አለባቸው። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ የነበረው 123456 እንዳለ ነው የሚቀመጠው፤ ይህን የማያውቅ ገጣሚ የለም።

መኪና ሲሸጥም ይኸው ነው። ሳይሰረዝ የተሸጠ መኪና የአዲሱን ባለቤት ውሎና አዳር ለአሮጌው ያሳያል።

ሳጥኑን ለማስወጣት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ሪሌው ከነሶኬቱ ይወጣል፣ ተቆርጦ የነበረው ሽቦ በስታኞ ተበይዶ በናስትሮ ይጠቀለላል። ብዙ ቦታ ግን ሽቦውን በእጅ ጠምዝዘው ናስትሮ ይጠመጥሙበትና ይሸኛሉ። የጅማ ዝናብ ሲበረታ እርጥበት ይገባል፣ መዳቡ ይዝጋል፣ መኪናው አንዴ እየተነሳ አንዴ እምቢ ይላል። ያኔ ጥፋቱ የጂፒኤሱ ነው ይባላል፤ ጂፒኤሱ ግን ከወጣ ወራት አልፎታል።