የሲሊኮን ቀለበት ፔሳሪ፦ ልኩ ሲገኝ ትልቅ እፎይታ

ማህፀኗ ወደ ታች ለወረደባት፣ ቀዶ ጥገና ለማትፈልግ ወይም ወረፋ ለምትጠብቅ ሴት ይህ በብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት (ፔሳሪ) በእርግጥ ይጠቅማል። መካከለኛ መውረድን በደንብ ይይዛል፤ ማህፀኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ ጌልሆርን የሚባለው ባለ እግሩ ዓይነት ይሞከራል።

ሁሉም ነገር ያለው ልኩ ላይ ነው። በግምት ገዝቶ ማስገባት አይሆንም። ባለሙያዋ በጣቷ ለክታ፣ ቀለበቱን እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፋ፣ ጫፉን ቅባት አስነክታ ታስገባዋለች፤ ውስጥ ሲደርስ ራሱ ይዘረጋል። በቀለበቱና በብልት ግድግዳ መካከል የጣት ጫፍ ማለፍ አለበት። ከዚያ ሴትየዋ ትራመድ፣ ቁጢጥ ትበል፣ ታስል፣ ሽንቷንም ትሽና። ይህን ሳያስሞክር የሚያሰናብት ክሊኒክ ሥራውን አልጨረሰም። ወደ ታች ስትገፋ ሾልኮ ከወጣ ብዙውን ጊዜ አንሷታል፤ ካመማት ወይም ሽንት እምቢ ካላት በዝቶባታል። ልክ የሆነው ጨርሶ አይሰማትም።

እጥበቱ ቀላል ነው፤ ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ሳሙና ይበቃል። ራሷ ማውጣት የማትችል ሴት በአብዛኛው በየ3 እስከ 6 ወሩ መታየት አለባት፤ ተረስቶ የቆየ ቀለበት ግድግዳውን ያቆስላል። ደም ወይም መጥፎ ሽታ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ቀለበቱ ደግፎ ይይዛል እንጂ ጡንቻ አያጠነክርም። ስለዚህ ከጎኑ የዳሌ ወለል (ማህፀንንና ፊኛን ከስር የሚደግፉት ጡንቻዎች) ልምምድ ያስፈልጋል፦ ሽንትና ፈስ እንደሚይዙ ጨብጦ እስከ 10 ሰከንድ መቆየት፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ መድገም፣ በቀን 3 ዙር። ትንፋሽ ማፈን ግን ጫናውን ወደ ታች ይገፋዋል። እንስራና የማገዶ ሸክምም እንደዚያው።