ቮልስ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ፦ የኮምቦልቻውን ጎሚስታ ሞክሩት

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የድሮ ቮልስ ያላችሁ፣ ሰፋ ያለ ቸርኬና ጎማ ለማስገባት የምታስቡ ሰዎች ይህችን አንብቡልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ ባቲ በሚወጣው መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ አለ። ታፔላ የለውም። ደጁ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ተቆልሏል፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ሾፌሮች ወረፋ ይዘዋል፤ ላየው ሰው ለቤት መኪና የሚሆን ቦታ አይመስልም። እኔ ግን በሁለቱ ከተማ ካየኋቸው ጎሚስታዎች ሁሉ ቮልስ የገባው እሱ ነው እላለሁ።

መኪናዬ የ1966 ሞዴል ናት፤ ባለ አምስት ብሎኗ። ኦሪጅናል ቸርኬዋ ባለ 15 ኢንች ሆኖ ስፋቱ 4 ኢንች ብቻ ነው። ጎማዋ ደግሞ ያ ቀጭኑ 5.60-15 ነበር። በዘመኑ ጎማ በራዲያል ሲተካ 155 ወይም 165 (የጎማው ስፋት በሚሊሜትር) ይሆናል፤ ችግሩ ይሄ ቁጥር ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። 185/65 እና 195/65 ባለ 15 (ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው) ግን ለብዙ ቶዮታዎች ስለሚሆን መፈለግ አያደክምም። ስለዚህ የባለ ቮልስ ሁሉ ዓይን እዚያ ላይ ያርፋል። ደግሞ ያምራል። ኋላዋ ሞላ ያለ ቮልስ ስታልፍ ዞር ብሎ የማያያት ሰው አላውቅም።

ግን ሰፊ ጎማ ሰፊ ቸርኬ ይፈልጋል። 165 በ4 ኢንች ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። 185/65 ቢያንስ 5 ኢንች፣ 195/65 ደግሞ ቢያንስ 5.5 ይጠይቃል። ጠባብ ቸርኬ ላይ በግድ ከገባ መሃሉ እንደ ድፎ ዳቦ ያብጥና ጠርዙ ሳይነካ መሃሉ ያልቃል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዋልላል። ደሴ ውስጥ የጠየቅሁት አንድ ቤት «ቀላል ነው» አለኝ፤ መፍትሔ ብሎ ያቀረበልኝ ያንኑ ኦሪጅናል ቸርኬ ዙሪያውን ቆርጦ፣ መሃል ላይ ላሜራ ጨምሮ መበየድ ነው። አመስግኜ ወጣሁ። እንዲህ የተበየደ ቸርኬ ክብነቱ ይዛባል፣ ንፋስ ያሾልካል፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሐረጎን ቁልቁል እየወረዳችሁ ብየዳው ቢለቅ ደግሞ መመለሻ የለውም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

የኮምቦልቻው ባለቤት ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ 195 ይገባል?» ስላቸው «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ እንለካ» አሉኝ። ጎማ ከማሳየታቸው በፊት ሜትር አስመጡ። ከኋላ ጎማው እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ለኩ፣ ከዚያ ተንበርክከው ከውስጥ በኩል ያለውን ለኩ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ። ቸርኬው ሲሰፋ የተጨመረው ስፋት ወዴት ነው የሚሄደው? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ውጭ ከሄደ ፓራፋንጎ ይፍቃል፣ ኩሽኔታውንም ያለ አቅሙ ያሠራዋል። ወደ ውስጥ ከሄደ ደግሞ ከጎማው ጀርባ ያለውን ብረት ይነካል። ሁለት ቸርኬ ስፋታቸው እኩል ሆኖ አንዱ የሚገባ፣ አንዱ የማይገባ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ የተስማማነው ከኋላ 5.5 ኢንች ቸርኬ ከ185/65 ጋር፣ ከፊት ኦሪጅናሉ 4 ኢንች ከ165/80 ጋር ነው። 195ቱን ያልወደዱበት ምክንያት አሳመነኝ። የቮልስ የኋላ ፓራፋንጎ ጎማውን ሸፈን ያደርገዋል፤ በጣም ሰፊ ከሆነ ንፋሱን ካላስተነፈሱት አይወጣም አይገባም። ሐረጎ ላይ በጨለማ ጎማ ቢፈነዳ፣ የተነፋ ትርፍ ጎማ በእጃችሁ ይዛችሁ ማስገባት አትችሉም ማለት ነው። ትርፉም ቢሆን ከፊት ኮፈን ስር ቀጭን ቦታ ነው ያለው። እኔ እዚያ 165ቱን አስቀምጫለሁ።

ከፊት ቀጭን ማድረጉ ስስት አይደለም። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው፣ መሪዋም ያለ ምንም እገዛ በክንድ ነው የሚዞረው። ፊቷን ያሰፋ ሰው ፒያሳ ላይ መኪና ሲያቆም ትከሻው ይነግረዋል። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ የቮልስ የፍጥነት መለኪያ ገመድ የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው። የፊት ጎማው ቁመት ከተቀየረ ቆጣሪው ይዋሻል። 165/80 ቁመቱ 645 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከድሮው ብዙም አይርቅም። ከኋላ ያለው 185/65 ግን ወደ 621 ይወርዳል። ይህ ማለት መኪናዋ ከኋላ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ሜዳ ላይ ሞተሯ ትንሽ ይጮሃል፣ በምትኩ ዳገት ላይ ይቀላታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ ከፍታ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ለምትወጣ አሮጌ ሞተር ይቺም ቀላል እርዳታ አይደለችም።

ቸርኬዎቹን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈልጌ ነው ያመጣሁት። ስትገዙ የብሎኖቹን ክብ፣ ማለትም የብሎን ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበትን ክብ ስፋት፣ አረጋግጡ። ባለ አምስቷ 205 ሚሊሜትር ናት፣ በኋላ የመጡት ባለ አራት ብሎኖች 130። አይዋዋሱም። ብሎኑንም እዩ። የኦሪጅናሉ ብሎን መቀመጫ ድቡልቡል ነው፤ ከውጭ የሚመጡ ብዙ ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ብሎን ነው የሚፈልጉት። ከተደባለቀ የጠበቀ ይመስላል እንጂ በደንብ አይነክስም። ይህን ያዩልኝ እኚሁ ሰውዬ ናቸው፤ አንዱን ብሎን አስገብተው አወጡና የነካውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። ቀጭን መስመር ብቻ ነበር። ትክክለኛው እስኪገኝ ድረስ መኪናዋን ከክሪክ አላወርድም አሉ፣ ልጁን በሞተር ላኩት፣ አመጣ።

ጎማው ከገባ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ። የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡት። ሁለት ሠራተኞች ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፣ አስፋልቱን ለቀን ጉድጓድ የበዛበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ነዳሁ። ስንመለስ የግራው ጎማ ንጹህ ነው። የቀኙ ትከሻ ላይ ግን ነጭ ጭረት አለ። የቀኙ ፓራፋንጎ ድሮ ተቀይሮ ስለነበር ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቷል። የቮልስ ፓራፋንጎ ደግሞ በብሎን የሚታሰር ነው፣ አልተበየደም። ብሎኖቹን አላልተው፣ ወደ ውጭ ስበው መልሰው አሰሩት። ድጋሚ ጠመኔ፣ ድጋሚ ጉድጓድ። ንጹህ። መዶሻ ያነሳ ሰው የለም!

ባላንስም እንዲሁ። የባለ አምስቷ ቸርኬ መሃሉ 160 ሚሊሜትር የሚሆን ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ የተለመደው የባላንስ ማሽን ኮን (ቸርኬውን መሃሉ ላይ የሚይዘው ሾጣጣ ብረት) ይሾልክበታል። ብዙ ቤት «አይሠራም» ብሎ የሚመልሳችሁ ለዚህ ነው። እነሱ ቶርኖ ቤት ያሠሩት ክብ ብረት አላቸው፤ ቸርኬውን በአምስቱ ብሎን ቀዳዳ ያስሩታል። አሁን ቁልቁለት ላይ መሪው አይንቀጠቀጥም።

ንፋስ ላይ ግን ራሳችሁ ቁሙ። ሠራተኞቹ እንደማንኛውም መኪና አራቱንም 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሊሞሉ ነበር። የቮልስ ራዲያል ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ ነው በመመሪያው። ከፊት 35 የተሞላች ቮልስ ጠጠር ላይ ትዘላለች፣ መሪዋም ይቀላል። ባለቤቱ ሰምተው ወዲያው አስተካከሉ።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ከባድ መኪና ከመጣ ቅድሚያ ለሱ ነው፤ ጥላ የለም፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ እንደ ደሴ አይደለም። የባላንሱን ብረት ለብቻ ያስከፍላሉ፣ አስቀድመው ግን አልነገሩኝም። አላይመንት የላቸውም። ዋጋቸውም ደሴ ከጠየቅሁት ከፍ ይላል፤ ለሠሩት ሥራ አይበዛም።

በዝናብ ሐረጎን ወርጃባታለሁ። ከኋላ የመሸሽ ነገሯ በግልጽ ቀንሷል። ፍሬኗ ግን ያው የድሮው ነው። ጎማ ሰፋ ብላችሁ ፍጥነት አትጨምሩ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ።

የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ከባዶቹ ሳይሰለፉ። ጎማውን ከመክፈላችሁ በፊት ጎኑ ላይ ያለውን አራት አኃዝ አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ተብሎ ዓመታት መጋዘን የከረመ ጎማ አለ። ብሎኖቹንም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ድጋሚ አስጠብቁ፤ ደሴ ሁለቴ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ለሱ አያስከፍሉም።