በ165,000 ብር ቀይ ቀለም የተቀባ ጋዜጣ ገዛሁ

ዛሬ ማክሰኞ ነው። እሑድ ከሰዓት የሆነውን ሳስበው እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። ፊደል ብስት፣ ነገር ብደግም ይቅር በሉኝ። አሮጌ መኪና በትንሽ ገንዘብ አድሳለሁ ብላችሁ ለተነሳችሁ ነው የምጽፈው።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። የ1969 ሞዴል፣ ባለ ሁለት በር፣ ከፊት ሁለት ክብ መብራት ያላት። ሞተሯ 1438 ሲሲ ብቻ ነው፣ ግን ካምሻፍቷ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ሁለት ነው። ሞተሩን የነደፈው ቀድሞ ፌራሪ ቤት የሠራው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። አራቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን አላት። ይሄን ሁሉ የማወራው ለምን እንዳበድኩላት እንድታውቁልኝ ነው።

ያገኘኋት ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። አንድ አዛውንት ግቢያቸው ሊነሳ ሆነ። ሸራ ለብሳ ስንት ዓመት የቆመችውን መኪና ይዘውት የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም። 180,000 ብር ተስማማን። ሊብሬዋ አለ። ባትሪ ገዛሁላት፣ ካርቡራተሯን አሳጠብኩ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሳች። ጣጣዋ ዝገቱ ነበር። ምንጣፉን ስገልጥ መሬቱ ይታያል። የበሮቹ ደፍ በጣት ሲነካ ይረግፋል። የኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ እንደ ዳንቴል ተበሳስቷል።

እቁቤ ወጥቶልኝ ስለነበር 140,000 ብር ለላሜራና ለቀለም መደብኩ። ከዚያ በላይ ቤቴ ውስጥ የሚነካ ገንዘብ አልነበረም።

ጋራዡን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጽፍም፣ ግን ታውቁታላችሁ። ቄራ አካባቢ ነው። በሩ ላይ አንድ ያማረ ቮልስ ሁልጊዜ ይቆማል፣ "የኛ እጅ ነው" ይባላል። ባለቤቱ ገና ስትገባ "አባቴ" ይልሃል። ሻይ ያዝልሃል። ዋጋ ስትጠይቀው መፋቂያውን አፉ ውስጥ እያዞረ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ይዞርና "ላንተ ነው እንጂ ለሌላ ሰው አልነካትም" ይላል። ደረሰኝ ሲነሳ ደግሞ፣ "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ቫት አለ፣ ያለ ደረሰኝ ግን እንተሳሰባለን።" ያለ ደረሰኝ በ140,000 ብር ተሳሰብን።

የኔ ብልጠት ላዳዋ ነበረች። ይህቺ ኩፔ የተሠራችው በተራው ፊያት 124 ወለል ላይ ነው። ላዳም የዚያው የ124 ልጅ ናት። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሁለቱም 2.42 ሜትር ናቸው። ስለዚህ ከወደቀች ላዳ ወለል ቢቆረጥ፣ እዚህም እዚያም ተስተካክሎ ይገባል ብዬ አሰብኩ። ታክሲ የነበረች ሰማያዊ ላዳ አገኘሁ። ወለሏን በ18,000 ብር አስቆርጬ፣ አይሱዙ ላይ ጭኜ፣ ጋራዡ በር ላይ አወረድኩ። ሰውየው አየውና "አንተማ መካኒክ ነህ!" አለኝ። ደስ አለኝ። በናታችሁ፣ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ያለውን እናንተው ሙሉት። ነገ ና። መብራት የለም። ባቲላሜራው ለቅሶ ሄዷል። ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ላሜራ አይቀመስም፣ 25,000 ጨምር። ጨመርኩ። ስድስት ሳምንት የተባለው አምስት ወር ሆነ። በመሃል ሁለቴ ሄጄ ነበር። ሁለቴም መኪናዋ ሸራ ለብሳለች። "ለቀለም ተዘጋጅታለች፣ አቧራ እንዳያገኛት" ተባልኩ። የገዛ መኪናዬን ሸራ ለማንሳት ተሳቀቅሁ። ይሄን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ባጠናግር ደስ ይለኛል።

ዓርብ ዕለት "ና ውሰድ" ተባልኩ። ፀሐይ ላይ አውጥተዋታል። ቀይ ናት። እንዴት ያለ ቀይ መሰላችሁ! ፊቴ ይታየኛል በሩ ላይ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም። ሰውየው ጠጋ አለና በሩን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገው። "ስማ! ብረት!" አለኝ። ኮፈኑንም አንኳኳ። "ስማ!" ሰማሁ። ያንኳኳቸው ቦታዎች ዱሮም ዝገት ያልነካቸው መሆናቸውን ያስተዋልኩት ሁለት ቀን ዘግይቼ ነው። ቀሪውን ከፈልኩ። ለልጆቹም 3,000 ብር ጉርሻ ሰጠሁ። አንዱ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

እሑድ ከሰዓት ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ልናንሸራሽራት ወጣን። ሳሪስ ስንደርስ የፊት ቀኝ ጎማ አየር ጎደለው። መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ጋ ቆምን። ልጁ ከአሥራ ስምንት አይበልጥም። "ወይኔ ጋሼ፣ ስታምር!" ብሎ ክሪኩን አመጣ። ከቀኝ በር ስር ደፉ ላይ ደገነና ማንሳት ጀመረ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። መኪናዋ ትንሽ ቀና ያለች መሰለኝ። ጎማው ግን መሬቱን አልለቀቀም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ደገመ።

ያኔ ድምፁን ሰማሁ። ድርቆሽ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ክሪኩ ይወጣል፣ መኪናዋ አትነሳም። ወደ ውስጧ እየገባ ነው! ከደፉ ላይ ቀዩ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ እየሮጠ እስከ ኋላ ጎማው ደረሰ። ከዚያ ረገፈ። መዳፍ የሚያህል ግራጫ ስቱኮ አስፋልቱ ላይ ዱብ አለ። ውፍረቱ ሁለት ጣት ነው። ስቱኮ ማለት ሁለት ሦስት ሚሊ ተቀብቶ የብረቱን ጎርባጣ የሚያስተካክል ነገር ነው። እኔ ላይ ግን ብረቱ ራሱ እሱ ነበር።

ልጁ ክሪኩን አወረደ። በሆዱ ተኛና እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። መጀመሪያ ያወጣው ጋዜጣ ነው። ተጠቅልሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ በስቱኮ ደርቋል። ቀጥሎ የወንፊት ሽቦ መጣ። ከሽቦው ኋላ በሪቬት የተያዘ የጣራ ቆርቆሮ አለ። ቀጥ እስኪል እንኳን አልቀጠቀጡትም፣ ሞገዱ ይታያል። ብየዳ የሚባል ነገር የለም። አንዲትም ነጥብ።

ጋዜጣውን ተቀብዬ ዘረጋሁት። ለምን እንደዘረጋሁት አላውቅም። የጨረታ ማስታወቂያ ነው። ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን "ባሉበት ሁኔታ" ለመሸጥ ይላል።

"አባዬ፣ መኪናችን ውስጥ ጋዜጣ ነው ያለው?" አለች ልጄ።

ጎሚስታው "ጋሼ፣ ማን ነው የሠራልዎት?" አለኝ። ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ክሪኩን ከፊት ጠንካራ ብረት ስር አገባና ጎማውን ሠራልኝ። ስንት ነው ስለው "ይተውት" አለ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ያ ነው። የቀን ገቢው ከምሳ የማያልፍ ልጅ አዘነልኝ።

ማታ ከፍሪጅ ላይ ልጄ የለጠፈችውን የአናናስ ማግኔት ነቅዬ ወጣሁ። ኮፈን ላይ ይይዛል። በሩ ላይ ይይዛል። ከበሩ ወገብ በታች ሳወርደው እየላላ ይመጣና ደፉ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። የኋላ ጎማ ዙሪያ፣ ይወድቃል። ፓራፋንጎው ጫፍ ላይም ይወድቃል። የእጅ ባትሪ ይዤ አናናስ ከመሬት ሳነሳ አመሸሁ። ከዚያ ምንጣፉን ቀደድኩት። ከስሩ ፋይበርና ቅጥራን ነው፣ በዱሮው ቀዳዳ ላይ የተነጠፈ። የላዳዬ ወለል የለም።

ይህቺ መኪና እንደ አይሱዙ ለብቻው ሻንሲ የላትም። የምትቆመው በአካሏ ነው። ደፏና ወለሏ አከርካሪዋ ናቸው። እኔ ልጄን በጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ቀለበት መንገድ ላይ ሰማንያ ነድቻለሁ። ገንዘቡን ተዉት። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስቱኮውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ተቀምጦ ቁርስ ይበላል። አልተነሳም። "አባቴ" የሚለውም ቀርቷል። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ በክርኑ ገፋ አድርጎ ዳቦውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ጎሚስታ ነው የሰበረብህ፣ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ?"

"ውስጡ ጋዜጣ ነው ያለው" አልኩት።

"ታዲያ በ140 ሺህ ወርቅ ልንሞላልህ ነበር?"

ልጆቹ ሳቁ። 165 ነው የከፈልኩህ ልል አስቤ፣ ተናንቆኝ ቀረ። ጉልበቴን ሊስም የነበረው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የላዳዋ ወለልስ አልኩ። ሰውየው ወደ ልጆቹ ዞሮ "የቱ ላዳ? ላዳ የሚባል ነገር አይታችኋል?" አለ። አላዩም። ከዚያ እጁን በሶፍት እየጠረገ የመጨረሻዋን ጨመረልኝ። "በደንብ እንዲሠራ ከፈለግክ ያኔ ነበር መናገር። አሁንም 90 ሺህ አምጣና ብየዳ እናድርግልህ።"

በደንብ እንዲሠራ መፈለጌን መናገር ነበረብኝ ማለት ነው! ለካ ሳይናገሩት የሚገኘው ጋዜጣ ነው።

ጠበቃ ጓደኛ አለኝ። ደወልኩለት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 813/2006፣ አቤት ማለት ትችላለህ አለኝ። ቀጥሎ "ደረሰኝህንና ውልህን ላክልኝ" አለ። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። "እንዳትለኝ" አለ በመጨረሻ። ከ15 በመቶ አመለጥኩ ብዬ ሙሉውን አስረከብኩ። ባለቤቴ እስካሁን ምንም አላለችም። ቡና አፍልታ ሰጠችኝ፣ ያ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል።

ለናንተ የምለው ትንሽ ነው። ቀለም ከመቀባቷ በፊት፣ ብረቱ እርቃኑን እያለ ካላያችሁ የመጨረሻውን ብር አትስጡ። ሸራውን አንሱ። ማግኔት ያዙ፣ አናናስም ቢሆን ይሠራል። ደረሰኝ ውሰዱ። ገንዘባችሁ ካነሰ ቀለሙ ይቅርና ወለሉና ደፉ ብቻ ይበየድ። ዝንጉርጉር መኪና መንዳት ይቻላል።

መኪናዋ አሁን ግቢ ውስጥ በቀኝ በኩል ጡብ ላይ ቆማለች። በግራ በኩል ለሚያልፍ ሰው አሁንም ታምራለች፣ የጎረቤት ልጆች ፎቶ ይነሱባታል። የደፍ ላሜራ ከባዶ ቀጥቅጦ የሚበይድ ሐቀኛ ሰው የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ውለታ ነው። የላዳ ደፍ አትበሉኝ፣ ላዳ አራት በር ናት፣ አይገጥምም።

ደግሞ አንድ ነገር። ሰማያዊ የላዳ ወለል፣ ከሹፌሩ ወንበር ስር ክብ የብየዳ ልጣፊ ያለበት፣ ሶማሌ ተራም ይሁን ምናለሽ ተራ ለሽያጭ ቀርቦ ካያችሁ የኔ ነው።