የኮሌስትሮል ተቀባይ ለምትለኩ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህ ምስጋና ለሴል ማሳደጊያ ክፍሉ ባለሙያ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ አሠራራቸውን እንጽፋለን፤ እግዜር ይስጥልን!

የእድገት ሆርሞን የጉበትን የኤልዲኤል ተቀባይ፣ ማለትም ኮሌስትሮል ተሸካሚውን ኤልዲኤል ከደም የሚይዘውን ፕሮቲን፣ እንደሚያበዛ በሰው ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የስዊድን ጥናት፣ ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ ሕመምተኞች ሆርሞኑን ወስደው ከጉበታቸው በተነሳው ናሙና ላይ ተቀባዩ ጨምሮ ተገኝቷል። በሳህን ላይ ባደገ ሴል ይህንኑ ማሳየት ግን ብዙዎችን ያደክማል።

ዋናው እንቅፋት ሴሉ የሚያድግበት ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ነው። ተራ ሴረም ኤልዲኤል ይዟል፤ ሴሉ ኮሌስትሮል ሲጠግብ የተቀባዩን ጂን የሚቀሰቅሰው ኤስአርኢቢፒ-2 የተባለ ፕሮቲን ይታፈናል፣ የሆርሞኑም ውጤት ይሸፈናል። ባለሙያዋ ሴሉን ሊፖፕሮቲን (ኤልዲኤልና መሰሎቹ) በወጣለት ሴረም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩታል። ችግሩ፣ በጣም የተራበ ሴል ተቀባዩን በራሱ ጣሪያ ሊያደርስ ይችላል፤ ያኔ ሆርሞኑ የሚጨምረው አይኖርም። ስለዚህ የጠገበውንም የተራበውንም፣ ሆርሞን ያለውንም የሌለውንም ጎን ለጎን ያዘጋጃሉ። አራቱ ካልተሟሉ ሥራውን አይጀምሩም፤ ልክ ናቸው።

ሆርሞኑ የግድ የሰው መሆን አለበት፤ የከብቱ በሰው ተቀባይ ላይ አይሠራም። ሄፕጂ2 የተባሉት የጉበት ሴሎች ደግሞ የእድገት ሆርሞን ተቀባያቸው ጥቂት ነው። እሳቸው አስቀድመው ሆርሞን በተጨመረ በ15 ደቂቃ ገደማ ስታት5 የተባለው የሆርሞኑን መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን ፎስፌት መያዙን ይፈትሻሉ። ካልያዘ ሴሉ ሆርሞኑን አልሰማም ማለት ነው፤ ስለ ኮሌስትሮል የሚባል ነገር የለም። ሆርሞኑ ሲቀጥን ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ በአልቡሚን ይበጠብጡታል፣ አንዴ የቀለጠውንም መልሰው አያቀዘቅዙም።

የገጽ ተቀባይ ሲለካ ሳህኑ ከበረዶ ላይ አይነሳም። በ37 ዲግሪ ተቀባዩ ኤልዲኤሉን ይዞ ወደ ውስጥ ገብቶ በ10 ደቂቃ ገደማ ይመለሳል፤ ታዲያ የሚለካው ስንት እንዳለ ሳይሆን ስንት እንደዋጠ ይሆናል። ማጠቢያው ካልሲየም ይኑረው፤ ካልሲየምን የሚይዘው ኢዲቲኤ ከገባ ኤልዲኤሉ ይላቀቃል። ከልኬቱ በፊት ሴልን ከሳህን የሚያላቅቀው ኢንዛይም ትሪፕሲን አይነካም፣ የገጹን ተቀባይ ይቆርጠዋል። የሚለካው ኤልዲኤል ምልክት የተደረገበት ነው፤ በሳህኑ አንድ ጉድጓድ ግን ተቀባዩን እንዲሞላ ምልክት የሌለው ኤልዲኤል በብዛት ይጨመርና እዚያ የቀረው ንባብ ከሌላው ይቀነሳል።

ፕሮቲንን በመጠኑ ለይቶ በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት 160 ኪሎዳልተን አካባቢ የሚወጣው የበሰለው ተቀባይ፣ 120 አካባቢ የሚወጣው ገና ያልበሰለው ነው። ለየብቻ ያስቀምጡላችኋል። ኤምአርኤንኤውንም (የጂኑን ቅጂ) አብረው ይለካሉ፤ ፒሲኤስኬ9 የተባለ ፕሮቲን ተቀባዩን ስለሚያስፈጭ የኤምአርኤንኤው መጠንና የፕሮቲኑ መጠን ሊለያዩ ይችላሉና።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ሰው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ አስፈቅደን እናገናኛችኋለን።