ዓይኔ ውስጥ የገባው ሌንስ ከወራት በኋላ

ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ነበር። ባለፈው ኅዳር እዚሁ ጎንደር ተሠራሁ። ሞራው ወጣ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባ። አሁን ሐምሌ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ሌንሱን የምመዝነው ሩቅ በማሳየቱ ብቻ አይደለም።

የሩቁ ግን በጣም አስደስቶኛል። ከመሠራቴ በፊት የቀኝ ዓይኔ እይታ 6/60 ነበር። ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን እኔ 6 ሜትር ላይ ቆሜ ነበር የማየው ማለት ነው። አሁን ያለ መነጽር 6/9 አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀደም ሲል 6/18ንም ጥሩ ውጤት ይለው ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ቀና ስል፣ ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት ፊታቸው አንድ በአንድ ይለይልኛል፤ ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ሳይቀር።

ቀለሙንማ አትጠይቁኝ! ግራ ዓይኔ ገና ስላልተሠራ ማነጻጸር እችላለሁ። ነጭ ነጠላ ዘርግቼ በግራው ብቻ ሳየው ወይባ ይመስላል። በቀኙ ሳየው ጥርት ያለ ነጭ ነው። የተፈጥሮው ሌንስ ሲያረጅ ወደ ቢጫ ይሄድና ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀረዋል። ጥቁር ክርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክር ለመለየት ሰው እጠራ ነበር። አሁን ራሴ መርጬ እጠቀልላለሁ።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። የእኔ ሌንስ ባለ አንድ ርቀት ነው፤ ለሩቅ ተመርጦ የገባ። እንደ ተፈጥሮው ቅርጹን እየቀያየረ ቅርብና ሩቅ አያጠራም። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የ+2.50 መነጽር አደርጋለሁ። መነጽሩን ሳወልቅ የመርፌው ቀዳዳ ጭራሽ ይጠፋል፤ የሚታየኝ ደብዛዛ ጭረት ነው። ይህ የሌንሱ ባሕርይ ነው፣ ጉድለት አልለውም። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከተሠራ በኋላ መሆኑ ነው። ጥልፍ የምትጠልፉ፣ የምትጽፉ፣ ሰዓት የምትጠግኑ፦ ከመሠራታችሁ በፊት ሥራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት። ሌንሱ ለቅርብም ሊመረጥ ይችላል፤ ያኔ መነጽሩ ለሩቅ ይሆናል።

ልኬቱ ላይም አትቸኩሉ። የሌንሱ ቁጥር የሚወጣው ከዓይን ርዝመትና ከፊተኛው የዓይን መስታወት ጉብጠት ነው። ርዝመቱ በ1 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ውጤቱ ወደ 2.5 ዳይኦፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ ነው) ይዛነፋል። እጅጌ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢያልፈኝ ደንበኛዬ አያውቅም። ዓይን ላይ ግን መነጽር ያስለብሳል።

ማታ የመኪና መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራብኝ ነበር። አሁን በጣም ቀንሷል፤ ዝናብ ሲሆን ግን የአዘዞ መንገድ ላይ አሁንም ይታየኛል።

ደንበኞቼ «ባዕድ ነገር አይቆረቁርም ወይ?» ይሉኛል። ጠብታውን ከጨረስኩ ወዲህ መኖሩም አይሰማኝ። ነገሩ የተጀመረውም ከዚሁ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ብዙም ሳያስቆጣ ይቀመጥ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህን አስተውሎ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ አስገባ።

ሌንሱ ለዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም። ከጀርባው ያለው ስስ ሽፋን ግን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል። ያኔ ሰው «ሞራው ተመለሰ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይቀመጣል። ሞራ አይመለስም። ሽፋኑ በደቂቃዎች ውስጥ በሌዘር ይከፈታል፤ ብቻ ሂዱና ታዩ።

ግራዬን ከክረምቱ በኋላ እሠራለሁ። እሱን ትንሽ ወደ ቅርብ እንዲያደርጉልኝ ከሐኪሜ ጋር እየተነጋገርን ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ልዩነት ሲበዛ ስለሚያስቸግር፣ መጀመሪያ በመነጽር ሞክረን መልመድ መቻሌን እናያለን።