የታገደ ምልክት፦ ምስሉን ማሳየት ወይስ በቃል መግለጽ?

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ሆኖ ለአማርኛ ዊኪፒዲያ ስለ ናዚ የሚጽፍ ሰው፣ የናዚ ምልክት የነበረውን ስዋስቲካ (ጫፎቹ የታጠፉ መስቀል) በተመለከተ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል።

ምስሉን ማሳየት፦ ለመለየት አቻ የለውም። እዚሁ ወሎ፣ በላሊበላዋ ቤተ ማርያም መስኮት ላይ ተመሳሳይ ቅርጽ አለ። በናዚ ባንዲራ ላይ ያለው ግን ጥቁር፣ በ45 ዲግሪ የዞረ፣ በቀይ መደብ መሃል በነጭ ክብ የተከበበ ነው። ጎን ለጎን ያላያቸው አንባቢ ቅርሳችንን በክፉ ሊጠረጥር ይችላል። አደጋው፦ የገጹ የመጀመሪያ ምስል ከሆነ ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክ ምልክቱ ያለ ማብራሪያ ሊወጣ ይችላል። ወደ መሃል አውርዱት፤ ከሥሩ ዓመቱንና ትርጉሙን ጻፉ።

በቃል መግለጽ፦ ቀላል ነው፣ ከሕግ ጣጣም ያርቃል፤ ግን ያደናግራል።

የጀርመን ወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ ምልክቱን ቢከለክልም ለትምህርትና ለምርምር በር ይተዋል። የእኛም የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለአካዳሚያዊ ጥናት እንዲሁ። ለታሪክ ጽሑፍ ምስሉ ይሻላል፤ ለአጭር የሕይወት ታሪክ ቃሉ ይበቃል።