የማሸጊያ ከረጢት ልታሳትሙ ቀብድ የያዛችሁ፣ ቆዩ!

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታችሁ የምትሸጡ፣ ቡና የምትቆሉ፣ ማር የምታሽጉ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ። እኔ ከፍያለሁ። ለዲዛይኑ 15,000 ብር፣ 3,000 ከረጢት ለማሳተም ደግሞ 96,000 ብር። ከረጢቶቹ አሁን መኝታ ቤቴ ውስጥ እስከ መስኮቱ አናት ተደርድረው ብርሃን ከልክለውኛል።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። አሠራሩን ብነግራችሁ ይሻላል፤ ይኸው አሠራር ሌላም ቦታ ይገጥማችኋልና።

ቢሮአቸው ስገባ በትልቅ ስክሪን ላይ የቀለም ትርጉም የሚል ሠንጠረዥ አሳዩኝ። ቀይ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ አረንጓዴ ተፈጥሮን ያስታውሳል፣ ሰማያዊ እምነት ያሳድራል። ለዚህ ገለጻ «የቀለም ሥነ ልቦና ጥናት» የሚል ስም ሰጥተው ከክፍያው ላይ 5,000 ብር ለብቻው ጽፈውበታል። ሰማያዊ እምነት ያሳድራል ሲሉኝ፣ በሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ውስጥ ስንት ዘመን ከረዳት ጋር በመልስ ስንጨቃጨቅ እንደኖርን ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ቀለም ሲያወሩ፣ የሚታተመው በምን ዓይነት ወረቀት ላይ እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም።

ወረቀቱ ክራፍት የሚባለው ቡናማ ወረቀት ነበር። ስክሪኑ ላይ እንደ አደይ አበባ የፈካው ቢጫ ታትሞ ሲመጣ የደረቀ ጭቃ መሰለ። አረንጓዴውም የሻገተ ያህል ጠቆረ። ነገሩ የገባኝ ከረጢቱን ይዤ በሌላ ማተሚያ ቤት ብዙ ዓመት ወደሠሩ አንድ አዛውንት ስሄድ ነው። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያደባለቀ ነው፤ ሦስቱ በሙሉ ኃይላቸው ሲደመሩ ነጭ ይሆናሉ። ማተሚያ ማሽን ግን የሚያበራው ነገር የለውም። ያሉት ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር የሚባሉ አራት ቀለሞች ናቸው፤ ሲደራረቡም ይጨልማሉ። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚንቦገቦግ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ በአራቱ ቀለሞች ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። በዚህ ላይ የማተሚያ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም ሥሩን አይሸፍንም፤ እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ቢጫው ነጭ ወረቀት ላይ የሚፈካው ከሥሩ ያለው ነጭ ስለሚያግዘው ነው። ቡናማ ላይ ሲያርፍ ቡናማው ያሸንፈዋል። ከሥር አስቀድሞ ነጭ ቀለም ማተም ይቻል ነበር። ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ቢነገረኝ ወይ እከፍል ነበር፣ ወይ ሁሉንም ትቼ በጥቁር ብቻ አሳትም ነበር። ጥቁር በክራፍት ላይ እንዴት እንደሚያምር ያየሁት በኋላ፣ የሌላ ሰው የቡና ከረጢት ላይ ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ደምቆ የወጣው ቀለም ነው። በርበሬው በሚታይበት ላስቲክ ዙሪያ የሚለጠፈው ቀይ ስቲከር የታተመው ነጭ ወረቀት ላይ ስለሆነ እንደ እሳት ነደደ። ታዲያ የእኔ በርበሬ አጠገቡ ሲታይ ቡላማ መሰለ። አንዲት ደንበኛዬ «ይሄ የአምናው ነው እንዴ?» አሉኝ፤ የተፈጨው በዚያው ሳምንት ነበር። ይህ አዲስ ችግር እንዳይመስላችሁ። በፓሪስ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ማምረቻ የቀለም ክፍል ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ስሞታ ቀርቦለት ሲመረምር ክሩ እንከን አልተገኘበትም። ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳትሟል። ትሪ ላይ ከቃሪያ አጠገብ የተቀመጠ አዋዜ እንዴት እንደሚቀላ አስቡት። በርበሬዬን አረንጓዴ ቢከበው ኖሮ ስሞታው ባልመጣ ነበር። ለ5,000 ብሩ ጥናት ይህ አልታየውም።

የመጠቀሚያ ጊዜውን ደግሞ አረንጓዴ መደብ ላይ በቀይ ጻፉት። ወንድሜ ከረጢቱን አገላብጦ አገላብጦ «ቀኑን ረስታችሁታል» አለ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ ወንድሜ ከእነሱ አንዱ መሆኑን በዚህ ዕድሜው በከረጢት ምክንያት አወቅን። ግን ዓይኑ ደህና ለሆነም ያስቸግራል፤ ሁለቱ ቀለሞች ተቀራራቢ ጨለማ ካላቸው ፊደሉ ይሰምጣል። ለድረ ገጾች የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሁፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው፤ ንጹህ ቀይ በንጹህ አረንጓዴ ላይ 3 ለ 1 እንኳ አይሞላም። ዲዛይኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ጽሁፉ ከጠፋ አትፈርሙ።

ቅሬታ ሳቀርብ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «በስክሪን አይተው ፈርመዋል።» እውነታቸውን ነው፤ ፈርሜያለሁ። እናንተ የምትፈርሙት በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ማሽን በታተመ አንድ ናሙና ላይ ይሁን። ናሙናውንም ውጭ አውጥታችሁ በፀሐይ፣ ከዚያም ሱቅ ውስጥ በመብራት እዩት፤ ሁለት የተለያየ ቀለም ሊመስል ይችላል። «ቀይ» የሚል ቃል ውል ላይ እንዳትቀበሉ፤ የአራቱ ቀለሞች መጠን በመቶኛ፣ ወይም የፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም ማተሚያ ቤቶች አንዱን ቀለም ከሌላው የሚለዩበት መለያ ቁጥር፣ ይጻፍ። ዋናው የዲዛይን ፋይል የእናንተ እንደሚሆንም ቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ እኔን ሲጨርሱ ለእሱ ሌላ 8,000 ብር ጠይቀውኛል።

ጎረቤቶቼ ከረጢቶቹን ለምስርና ለአብሽ ማስቀመጫ እየወሰዱልኝ ነው። 2,600 ያህል ይቀራሉ። የሚፈልግ ሰው ካለ በነጻ ይውሰድ፤ የመኝታ ቤቴን መስኮት መክፈት እፈልጋለሁ።